አዲስ ሥራ በአዳማ፦ ከከተማው ዳር አፓርታማ ከመከራየትዎ በፊት

አዳማን በጥር ወር ብቻ ያየ ሰው አዳማን አውቃታለሁ አይበል። እኔ ቤቴን የተከራየሁት በጥር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ሕንፃው አዲስ። ደላላው ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በእጁ እያሳየ «እይታው ብቻ ስንት ያወጣል!» አለኝ። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ መተከላቸውን አውቅ ነበር። እዚያ የተተከሉት እዚያ ነፋስ ስላለ መሆኑ የገባኝ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከአልጋ ልብሴ ላይ አቧራ ሳራግፍ ነው።

ሐምሌ ደግሞ የባሰውን ይዞ መጣ። ከአስፓልቱ ወደ ሕንፃው የሚወስደውን ኮረኮንች መንገድ ጎርፍ ቦረቦረው፤ ባጃጆች «እዚያ አልገባም» ማለት ጀመሩ፤ እኔም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ አመለጠኝ። አለቃዬ አልተቆጣም። «ቤቱን ስትከራይ መንገዱን አላየኸውም እንዴ?» ብቻ አለኝ። አላየሁትም። ያየሁት ሴራሚኩን ነበር።

ከዚህ በታች ያለው፣ ዛሬ እንደገና ብጀምር በምን ቅደም ተከተል እንደማደርገው ነው። ቤቱ ራሱ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ላይ ነው፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

1. መጀመሪያ ጊዜያዊ ማረፊያ ይያዙ

ሻንጣ ይዞ በመጣበት ቀን ቤት የሚከራይ ሰው በደላላ ዓይን የታረደ በግ ነው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት የሚቆዩበት ፔንሲዮን፣ የዘመድ ቤት ወይም በወር የሚከፈል አንድ ክፍል ያግኙ። ወጪው ያንገበግባል፤ ያለ ዕውቀት ከተፈረመ ውል ግን ይረክሳል።

ሌላም ምክንያት አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት መሆኑ ነው። በሌላ በኩል የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። የውሉ ርዝመት ተከራይን ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ሥራዎ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ለሁለት ዓመት መፈረም፣ አንድ እግርዎን መርከብ ላይ ሌላውን ወደብ ላይ አድርጎ እንደመቆም ነው። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት ወደሚመለከተው ክፍለ ከተማ ጎራ ብለው ይጠይቁ። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

«ለምን ከአዲስ አበባ አልመላለስም?» የሚሉ አሉ። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፍጥነት መንገዱም የተመቸ ነው። ችግሩ ያለው የፍጥነት መንገዱ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ሳይሆን ከቤትዎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ይቻላል፤ ለሁለት ወር ግን ጀርባ የሚፈቅድ አይመስለኝም።

2. አሠሪዎን አራት ነገር ይጠይቁ

ጥሪው ሲመጣ ሁላችንም የምንጠይቀው ደመወዝ ነው። የቤትዎን አድራሻ የሚወስኑት ግን እነዚህ ናቸው፦ የሥራ ቦታው በትክክል የት ነው? ፈረቃ አለው ወይ? ሰርቪስ አለ ወይ፣ ካለስ በየትኛው መንገድ ያልፋል? የመጨረሻው ሠራተኛ የሚሳፈረው የት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት ነው?

በአዳማ ቤት ፍለጋ ላይ «ሰርቪስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። ደላላው «ሰርቪስ አለው» ሲል ከግቢው ጀርባ ያሉትን ክፍሎች ማለቱ ነው፤ የሥራ ባልደረባዎ ሲል ግን አውቶቡሱን። እኔ በስልክ ስነጋገር ሁለቱን አደባልቄ ግማሽ ቀን ያባከንኩበት ጊዜ አለ።

የሰርቪሱን መንገድ ካወቁ በኋላ ካርታ ላይ ያስምሩት፤ ከመስመሩ በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬደውን ክልል በግራም በቀኝም ይክበቡ። ፍለጋዎ ከዚያ ክበብ ውጪ እንዳይወጣ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው መምህር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛና ፖስታ ቤት አካባቢ ባንክ ውስጥ የተቀጠረ ሰው ሦስቱም «አዳማ ነው የምሠራው» ይላሉ፤ አንድ ሰፈር ግን ለሦስቱም አይመችም። «ቦኩ ይሻላል ወይስ ገንደ ሃራ?» ተብዬ ስጠየቅ መልሴ ሁልጊዜ «የት ነው የምትሠራው?» ነው።

3. መሬቱን ያንብቡ

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ምክንያቱም የቤት ዕቃ ይቀየራል፣ የመስኮት መስተዋት ይቀየራል፣ መሬቱ ግን አይቀየርም።

የመጀመሪያው ጎርፍ ነው። አዳማ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች፣ እንደ ሳሕን ጎድጎድ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ከዙሪያ ኮረብታዎች የሚወርደው ውሃ መውረጃውን የሚፈልገው በሰፈሮች መካከል ነው። ዳር ዳር ያሉት አዳዲስ ሕንፃዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ኮረብታው ሥር ወይም የጎርፍ መውረጃው አጠገብ ነው፤ መሬቱ የተገኘው እዚያ ነውና። በበጋ ቢሄዱም ክረምትን ማየት ይቻላል፤ ዓይን ከሰጡት ግድግዳ ይናገራል። የአጥር ግድግዳዎች የታችኛው ክፍል ላይ አግድም የተሰመረ የጭቃ ምልክት ይፈልጉ። የሱቆች ደፍ ከመንገዱ በሁለትና በሦስት ደረጃ ከፍ ተደርጎ ከተሠራ፣ ባለሱቁ ያንን ሲሚንቶ ያፈሰሰው ለጌጥ አይደለም። የጎርፍ መውረጃ ቦዩ በአሸዋና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ እንደሆነ ይዩ። በር ላይ የአሸዋ ከረጢት ተደርድሮ ካዩ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ከዚያ ሰው ይጠይቁ። ደላላውንና አከራዩን ሳይሆን ጥግ ላይ ጉልት የሚሸጡትን እናት ይጠይቁ። ሽንኩርት ይግዙና «እማማ፣ ክረምት ላይ እዚህ እንዴት ነው?» ይበሉ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከገባሁ በኋላ ነው፤ «ልጄ፣ ሳትገባ ነበር የሚጠየቀው» አሉኝ። ኪሎ ሽንኩርት የሚያህል ርካሽ የቤት አማካሪ በዚህ ዓለም የለም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በበጋ ወራት ነፋሱ ይበረታል፤ ከተማው ዳር ላይ ደግሞ የሚገታው ሕንፃም ዛፍም ስለሌለ አቧራውን ይዞ ቀጥታ ይገባል። ያልተነጠፈ መንገድ ወይም ባዶ መሬት ፊት ለፊት ያለ ቤት ከሆነ የመስኮቶቹን ጎማ በጣትዎ ይንኩ፤ ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ሐዲዱ ውስጥ አሸዋ ካለ ቤት ውስጥም አለ ማለት ነው። አስም ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ ይህ ጉዳይ ከኪራዩ ዋጋ በላይ ይመዝናል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ፀሐይ ያለበት ቤት ሲፈልግ የኖረ ስለሆነ እዚህም ያንኑ ይፈልጋል። ይተዉት። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከኮንክሪት ጣሪያ ሥር ያለው የመጨረሻው ፎቅ ቀኑን ሙሉ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ምዕራብ ከዞረ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ቤቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሄደው ይዩት፤ እጅዎን ጣሪያው ላይ ማድረስ ከቻሉ ይንኩት። መካከለኛ ፎቅ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሁለት መስኮት ያለውና አየር የሚያሳልፍ ቤት ቢጠብም ይበልጣል። በዚያው ስለ ወባም ያስቡ፤ ከ2,000 ሜትር በታች የምንኖር ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ከክረምቱ በኋላ ባሉት ወራት ይብሳል። ሕንፃው አጠገብ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ወይም ተጀምሮ የቀረ መሠረት ካለ፣ መስኮቱ ላይ የትንኝ ወንፊት አለመኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም። አጎበር ይዘው ይምጡ።

አራተኛው የመጠጥ ውሃ ነው። ሰው «ውሃ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ውሃው ከየት ነው?» ግን አይልም። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በስምጥ ሸለቆ ያለ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው። በወንጂና በአካባቢው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ለምን እንደበለዘ የሚያስረዳው ይኸው ነው። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑ በዚህ በኩል ይሻላል። ዳር ላይ ያለ ሕንፃ ግን የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ሊሆን ይችላል፤ አከራዩም «ውሃ በጭራሽ አይጠፋም» ብሎ እንደ በጎ ነገር ይነግርዎታል። ያን ጊዜ የላብራቶሪ ውጤት ይጠይቁ። ማፍላት ተህዋስ ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም በቀረው ውስጥ ፍሎራይዱ ይበረታል። ቋሚ ጥርሳቸው ገና ያልበቀለ ልጆች ካሉዎት የጉድጓዱን ውሃ ለልብስና ለሽንት ቤት ያውሉ፤ ለመጠጥና ለምግብ ሌላ ያዘጋጁ።

4. መንገዱን በክፉ ሰዓት ይሂዱበት

ቤት የሚታየው ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ የሚኖርበት ግን ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እና ማታ 2 ሰዓት ነው። በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች ከቤቱ ወደ ሥራዎ፣ ከሥራዎ ወደ ቤቱ አንድ አንድ ጊዜ ይጓዙ። ሰዓትዎን ይያዙ፤ ብሩንም ይጻፉ።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ዋናው መንገድ ላይ ይቁሙና የሰፈሩን ስም ለሦስት የባጃጅ አሽከርካሪዎች ይንገሩ። ፊታቸው መልስ ነው። አንዱ ዝም ብሎ ከነዳ፣ ሁለተኛው እጥፍ ከጠየቀ፣ ሦስተኛው ከሄደ፣ የሰፈሩን መንገድና ጸጥታ አንብበው ጨርሰዋል። በተለይ በሁለተኛው ፈረቃ የምትሠራ ሴት ከባጃጅ መውረጃው እስከ በሩ ያለውን እርምጃ ትቁጠር፤ የመንገድ መብራት ስንት እንደሚበራ ታስተውል።

ሩቅ ቤት ይረክሳል የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ለምሳሌ ዳር ያለው ቤት ከመሃሉ በወር 2,000 ብር ቀነሰ እንበል። ለደርሶ መልስ ተጨማሪ የሚከፍሉት የባጃጅ ሒሳብ በቀን 80 ብር ቢሆን፣ በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር ይሆናል። ትርፉ አለቀ፤ 80 ብር ከሰሩም፤ የጠፋው እንቅልፍ አልተቆጠረም።

ለመሃል ከተማው ጠበቃ እየሆንኩ አይደለም። አዳማ የስብሰባና የሆቴል ከተማ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባ ሰው ይጎርፍባታል፤ የሥጋ ቤቱና የሙዚቃው ድምፅ መሃል ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። ዳሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ሌሊት ከዋክብት ይታያሉ። እኔ አሁንም ዳር ነው የምኖረው፤ ግን ሌላ ዳር።

ልጆች ካሉ የትምህርት ቤቱን ነገር በዚሁ ጉዞ ይጨምሩ። አዳማ የኦሮሚያ ከተማ ናትና ማስተማሪያ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ይሁን አማርኛ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቤት ከያዙ በኋላ የሚመች ትምህርት ቤት መፈለግ ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው።

5. አሁን ቤቱን ይዩ

እዚህ ሲደርሱ ከአሥሩ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ቀርቶዎታል።

ወደ ላይኛው ፎቅ ውሃ በራሱ ኃይል አይወጣም። ሮቶው ጣሪያ ላይ ነው ወይስ መሬት? ፓምፑ የማን ነው፣ ሲበላሽ ማን ያሠራል፣ መብራት ሲጠፋስ? ሮቶው ለአንድ ቤት ነው ወይስ ለደረጃው ሁሉ? ቧንቧውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፤ የመታጠቢያውን ውሃ እያወረዱ የወጥ ቤቱ መቀነሱን ይመልከቱ።

ስለ መብራት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «እንጀራ ይጋገራል?» የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ የተዘረጋበት ቤት ይህን አይችልም። አንዳንድ አከራዮች ምጣድ የሚከለክሉት ለዚህ ነው፤ የሚናገሩት ግን ዕቃዎን ካስገቡ በኋላ ነው። ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ ይለዩ። የጋራ ቆጣሪ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ዕቃ ነው፤ ማን ስንት አምፖል እንዳለው የሚቆጥር ሰው በየደረጃው ይፈጠራል።

ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህም ተሰምቷል፤ ስለዚህ ግድግዳ ሲያዩ ቀለም ብቻ አይዩ። ልስኑ ላይ ያለ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብዙ አያሳስብም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ወይም ምሰሶና አግዳሚው በሚገናኙበት ላይ የተከፈተ ነገር ካዩ ግን መሐንዲስ ሳያሳዩ አይግቡ። አዲስ የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካለ ደግሞ ለምን እሱ ብቻ እንደተቀባ ይጠይቁ።

ደረጃውን በእግርዎ ይውጡ። አሳንሰር ከሌለ ሶፋዎ በየት እንደሚዞር አሁን ያስቡ።

6. ደላላ፣ አከራይ፣ ውል

ደላላን ጠላት አድርጎ የሚጽፍ ብዙ ነው። እኔ አልስማማም፤ ጥሩ ደላላ ከተማውን ከማንም በላይ ያውቃል። ኮሚሽኑን ግን ቤት ከማየትዎ በፊት ቁርጥ ያድርጉ፤ «እንነጋገራለን» የምትለዋ ቃል ውድ ናት። የአዲስ አበባ ሰው መሆንዎ በንግግርዎ ስለሚታወቅ የመጀመሪያው ዋጋ ከዚያው አንጻር ሊጠራ ይችላል፤ ከሥራ ባልደረቦችዎ ሦስት ሰው ስንት እንደሚከፍል አስቀድመው ይጠይቁ።

አከራዩ ባለቤት ነው ወይ? የይዞታ ካርታውን ስም፣ የመታወቂያውን ስምና ገንዘብ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ስም ያስተያዩ። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ ውክልና ይጠይቁ፤ ውክልናው ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን ይጨምር እንደሆነ መስመር በመስመር ያንብቡ። ተከራይ ሆኖ የሚያከራይ ሰው አጋጥሞኛል፤ በጣም ትሑት ሰው ነበር።

አዋጅ 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥና ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ያዛል። «የስድስት ወር ቅድሚያ፣ በእጅ» ከተባሉ ይህን በትሕትና ያስታውሱ፤ ቁጣ እዚህ አይሠራም። ውሉ በአፋን ኦሮሞ ከቀረበና ቋንቋውን ካላወቁ፣ ከአከራዩ ወገን ያልሆነ ሰው ሙሉውን እንዲያነብልዎት ያድርጉ። ውሃ፣ መብራት፣ ጥበቃና ጽዳት ማን እንደሚከፍል፣ ፓምፕና ቧንቧ ማን እንደሚጠግን በቃል የተነገረው ሁሉ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። በሥራ ምክንያት ሌላ ቦታ ቢዛወሩ ምን ያህል አስቀድመው አሳውቀው እንደሚለቁም እንዲሁ።

7. የመግቢያው ቀን

ከመጡበት ወረዳ መሸኛዎን አስቀድመው ያውጡ፤ ለመሸኛ ብቻ ተመልሶ መሄድ የዓመት ፈቃድ ይበላል። አይሱዙው ከመድረሱ በፊት የሰፈሩን ጫኝና አውራጅ ልጆች አግኝተው በዋጋ ይስማሙ፤ ዕቃው መንገድ ላይ ከወረደ በኋላ የመደራደር አቅም አይኖርዎትም። የቆጣሪውን ቁጥር ከአከራዩ ጋር ሆነው ፎቶ ያንሡ፤ የተሰነጠቀውን ሴራሚክ፣ የማይዘጋውን በር፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧም። ፎቶዎቹን ለአከራዩ በዚያው ዕለት ይላኩ፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። የበሩን ሲሊንደር ያስቀይሩ።

ማታ ላይ ሲኒው ከካርቶን ባይወጣም ፊት ለፊት ያለውን በር ያንኳኩና ራስዎን ያስተዋውቁ። ዕድሩ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ውሃ በሳምንት የትኛው ቀን እንደሚመጣ የሚያውቁት እዚያ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። እኔን በሁለተኛው ቤቴ የተቀበሉኝ ጎረቤት በሩን ከፍተው ገና ስሜን ሳልጨርስ «ሮቶህን ሞላህ? ነገ እኮ ውሃ የለም» አሉኝ።